ወንዶቹስ የት ሄዱ?

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ለመጠጣት ሄጄ እንደ ልማዴ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። አንድ ፎቶ ላይ ደረስኩና ቆምኩ። የወታደር ልብስ የለበሱ ሴቶች ናቸው። ክላሽ ይዘዋል። ከኋላቸው ዛፍ የሌለው ተራራ አለ። አክስቴ ቡና እየቆላች በትከሻዬ በኩል አየችውና «እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው?» አለችኝ።

አክስቴ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ዘፋኝም ይሁን ሚኒስትር በቴሌቪዥን ሲቀርብ የማን ልጅ እንደሆነ ካልተነገራት ወሬው አይጥማትም።

«ያዚዲ ይባላሉ፣ እቴቴ። አገራቸው ኢራቅ ነው።»

«ሙስሊም ናቸው?»

«አይደሉም።»

«እ፣ ክርስቲያን።»

«እሱንም አይደሉም።»

ምጣዱን ከእሳቱ ላይ ሳታነሳ ዞር ብላ አየችኝ። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ክርስቲያን። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ ነው። እና ለአክስቴ የዓለም ሰው ሁሉ ወይ እንደ እሷ ነው ወይ እንደ እህቷ። ሦስተኛ ነገር አለ ስላት ቡናው ማረር ጀመረ።

የማውቀውን ያህል ነገርኳት። በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ። ፈጣሪ ዓለምን ለሰባት መላእክት አደራ ሰጥቷል ይላሉ። የመላእክቱ አለቃ የጣዎስ መልአክ ይባላል፣ በጣዎስ ወፍ ነው የሚመሰለው። ሲጸልዩ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ። የተቀደሰ ቀናቸው ረቡዕ ነው። (እናቴ ብትኖር «ይጾሙታል?» ማለቷ አይቀርም ነበር።) ላሊሽ የሚባል መቅደስ አላቸው፣ እንደኛ ላሊበላ ጫማ ወልቆ የሚገባበት። ከሌላ ሃይማኖት አያገቡም፣ ሌላ ሰው ልግባ ቢልም አይቀበሉም። ያዚዲ የሚሆነው ከያዚዲ እናትና አባት የተወለደ ብቻ ነው።

«እንግዲያማ ጥቂት ናቸዋ» አለች።

አዎ፣ ጥቂት ናቸው። ያንን የጣዎስ መልአክ ሌሎች «ሰይጣን ነው» ብለው ስም ስላወጡለት፣ ለዘመናት ሰይጣን አምላኪ እየተባሉ ሲታረዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የደረሰባቸውን እልቂት ፈርማን ይሉታል። ይቆጥሩታልም። የመጨረሻውን 74ኛው ነው ይሉታል።

ያ የመጨረሻው የመጣው በ2014 ነው። በእነሱ 2014 ማለቴ ነው። በእኛ ሐምሌ 27 ቀን 2006 መሆኑ ነው። የኛ 2014 ሌላ ነው፣ ደሴ ላሉት መንገር አይጠበቅብኝም። ስለ ያዚዲዎች በማነብበት ጊዜ ሁሉ ይህ ቁጥር ያምታታኛል። «በ2014 ከተማው ተያዘ፣ ሕዝቡ በእግሩ ወጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያየው የኮምቦልቻን ቁልቁለት ነው፣ ፍራሽ የተሸከሙ ሰዎችን፣ ከዚያ ነው ኢራቅ መሆኑ ትዝ የሚለኝ።

«ማነው የመጣባቸው?» አለችኝ።

«አይሲስ። በሊቢያ ልጆቻችንን ያረዱት።»

ከዚህ በኋላ ስለ አይሲስ ምንም አልጠየቀችኝም። በሚያዝያ 2007 ያ ቪዲዮ የወጣ ሰሞን እሷና እናቴ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነው ያለቀሱት።

ሌላ ነገር ግን ጠየቀች። ቡናውን ወደ ሙቀጫው እየገለበጠች «ወንዶቹስ የት ሄዱ?» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ እነዚህ ሴቶች ብዙ አንብቤያለሁ፣ ቪዲዮም አይቻለሁ፣ ፎቷቸውንም ሼር አድርጌያለሁ። ይህ ጥያቄ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም። ሁሉም የሚያወራው ሴቶቹ ስለያዙት ክላሽ ነው። አክስቴ ክላሹን አልፋ ከሥዕሉ ላይ የጎደለውን አየች።

መልሱ ደግሞ ሁለት ነው። ምክንያቱም ወንዶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ።

አንደኞቹ ጠባቂዎቹ ናቸው። ሲንጃር በሰሜን ኢራቅ፣ ሶሪያ ድንበር አጠገብ ያለ የያዚዲዎች ቦታ ነው። የሚጠብቁት የኩርዶቹ ታጣቂዎች፣ ፔሽመርጋዎች ነበሩ። ፔሽመርጋ ማለት ሞትን ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ማለት ነው። ያን ለሊት አይሲስ ሲመጣ ከአካባቢው ወጥተው ሄዱ። ለሕዝቡ ሳይነግሩ። ጠዋት ሰው ሲነሳ ኬላው ባዶ ነው። ከየመንደሩ የጥቂት ቤት ወንዶች በግል መሣሪያቸው ጥይታቸው እስኪያልቅ ተታኮሱ፣ የቀረው ወደ ተራራው ሮጠ። (በኋላ እነዚያው ፔሽመርጋዎች ሲንጃርን ለማስመለስ መዋጋታቸውን መካድ ተገቢ አይደለም። ግን በኋላ ነው።)

ሁለተኞቹ የራሳቸው አባቶችና ወንድሞች ናቸው። እነሱ የትም አልሄዱም፣ ተገደሉ። ኮቾ የምትባል መንደር አለች። ለ12 ቀን ያህል ተከባ ቆየች። ነሐሴ 9 ቀን ሕዝቡን ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰበሰቡት፣ ወንዶቹን ለዩ፣ በመኪና ጭነው እየወሰዱ ከመንደሩ ዳር ረሸኗቸው። አሮጊቶቹንም ለብቻ ገደሉ። ወጣት ሴቶቹንና ልጆቹን ወሰዷቸው። ናዲያ ሙራድ የዚያች መንደር ልጅ ናት፣ በእነሱ 2018 የኖቤል የሰላም ሽልማት የወሰደችው። በዚያን ቀን እናቷንና ስድስት ወንድሞቿን አጥታለች። ያኔ 21 ዓመቷ ነበር። በጠቅላላው ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹ ሴቶች በገበያ እንደ ዕቃ ተሸጡ። በገበያ! ዋጋ ተቆርጦላቸው፣ ደረሰኝ እየተጻፈ።

ተራራው ላይ የወጡት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ነሐሴ ለኛ ክረምት ነው፣ ለእነሱ ግን ድንጋይ የሚያግልበት በጋ። ውሃ የለም፣ ጥላ የለም። ሕፃናት በጥም ሞቱ። ከስር አይሲስ ከቧል። ከሰማይ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ውሃ ይጥላል፣ አይበቃም። በኋላ ከሶሪያ በኩል የመጡ የኩርድ ተዋጊዎች መንገድ ከፈቱና ሕዝቡ ወጣ። ከመንገድ ከፋቾቹ መካከል ሴቶች ነበሩ። የያዚዲ ልጃገረዶች ሴት መሣሪያ ይዛ ስታዋጋ በቅርብ ያዩት ያኔ ነው።

ከቤቴ መስኮት ጦሳ ተራራ ይታየኛል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አየዋለሁ። ብርድና ጉም ያለበት፣ ምንጭ ያለበት ተራራ። አላህ ይጠብቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እዚያ ላይ ሳምንት ቢያድር ብዬ አስባለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔን በግሌ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ያዚዲዎች ክሪቭ የሚሉት ባህል አላቸው። ወንድ ልጅ ሲገረዝ የሌላ ወገን ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ሙስሊም ጭን ላይ። የልጁ ደም እዚያ ሰው ልብስ ላይ ጠብ ሲል ሁለቱ ቤተሰቦች ዘመድ ሆኑ ማለት ነው። በደስታም በሐዘንም ይገናኛሉ። አበልጅ በሉት። እኛ ወሎ ውስጥ በሰርግ፣ በተዝካር፣ በወዳጃ፣ በመውሊድ የምንተሳሰረውን ዓይነት ነው። ከአይሲስ አምልጠው የተረፉ ብዙ ሰዎች የሚናገሩት ምንድን ነው? ያ ክሪቭ፣ ያ የጎረቤት መንደር ወዳጅ፣ ቤታቸውን ለጠላት ጠቆመ። ሁሉም አይደለም። ናዲያን ራሷን ሞሱል ውስጥ ደብቆ ያወጣት የሙስሊም ቤተሰብ ነው። ግን ጥቂቱም ቢሆን ጠቆመ።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ቡና የምትወቅጥበት ዘነዘና አየር ላይ ቀረ። «አበልጁን?» አለች። «አበልጁን» አልኳት።

እንግዲህ ፎቶው ላይ ያሉት ሴቶች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። ኻቱን ኺድር የምትባል ሴት አለች፣ ሥራዋ ዘፈን ነበር። ከጥቃቱ በኋላ ዘፈኑን ትታ፣ ፈቃድ ጠይቃ፣ በፔሽመርጋ ሥር የሴቶች ጦር አቋቋመች። የፀሐይ ልጆች ብለው ሰየሙት። ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ተመዘገቡ፣ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሱ ልጆችም ነበሩበት። አምልጠው የመጡ፣ ተሸጠው የነበሩም አሉበት። ሌሎቹ ደግሞ ከሶሪያ በኩል ከመጡት ኩርዶች ጋር ሆነው በእነሱ 2015 መጀመሪያ የራሳቸውን የሴቶች ጦር አቋቋሙ። በእኛ ኅዳር 2008 ሲንጃር ከተማ ነጻ ስትወጣ የያዚዲ ሴት ተዋጊዎችም ነበሩ። በእነሱ 2017 አይሲስ ዋና ከተማዬ ነው ይላት የነበረችው ራቃ ስትያዝ ከተዋጉት መካከል እነሱ አሉ። ብዙዎቹ እህቶቻቸው የተሸጡባት ከተማ ናት።

ዓለም ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? ፎቶ አነሳ። ሹሩባ፣ ክላሽ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ጋዜጠኛው ሁሉ እየተመላለሰ አንድ ወሬ ይጽፋል፣ «አይሲሶች በሴት እጅ ከሞቱ ጀነት አንገባም ብለው ይፈራሉ» የሚል። ይህን ወሬ የማያውቅ ሰው የለም። ስለ ኮቾ ግን ብትጠይቁት አያውቅም። በጣም ያናድደኛል። እኔም ብሆን ንጹህ አይደለሁም። በኛ 2014 ክላሽ የያዘች ልጅ ፎቶ በየፌስቡኩ ሲዞር «ጀግኒት!» ብዬ ሼር አድርጌያለሁ፣ የእሳት ምልክትም ጨምሬበታለሁ። ልጅቷ ለምን ቤቷን ትታ እዚያ እንደቆመች አልጠየቅኩም።

አሁን ሳስበው ያ ፎቶ ደረሰኝ ነው። «እንጠብቃችኋለን» ብሎ ቃል የገባ ሰው ሳይጠብቅ ሲቀር የሚቆረጥ ደረሰኝ። ጀግንነቱ እውነት ነው፣ ማንም አይቀንሰውም፣ ግን አንዲት ዘፋኝ ዘፈኗን ትታ ምሽግ ውስጥ የተኛችው ሥራው የነበረ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው። ስናጨበጭብ ያ ሰው ከጭብጨባው ኋላ ይደበቃል።

ለነገሩ ለወሎ ሴት መሪም ጦረኛም መሆን አዲስ አይደለም። ወይዘሮ ወርቂትን የማያውቅ የለም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ገና ወጣት ሆነው ከመቅደላ ሲያመልጡ የገቡት እሷ ጋ ነው። የገዛ ልጇ ደግሞ እዚያው መቅደላ በቴዎድሮስ እጅ ታስሯል። ምኒልክን አስረክባ ልጇን ማስለቀቅ ትችል ነበር። አላደረገችውም፣ ወደ ሸዋ ሸኘቻቸው። ቴዎድሮስ ልጇን ገደሉባት። እኛ ይህን ታሪክ ስንናገር ደረታችንን ነፍተን ነው። እኔ ግን ከነዚህ ከያዚዲዎቹ ጋር ሳስተያየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ወርቂት በሯን አንኳኩቶ የገባውን ሰው ጠበቀች። ዋጋው ልጇ ሆኖ እያለ ጠበቀች። ሲንጃር ላይ ጠባቂ ተብለው ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ዋጋው ገና ሳይጠየቁ ሄዱ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ እያወራሁ አቦሉ ቀረበ። ጀባ አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እኛም እኮ ጠብቀናል» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛ በኮምቦልቻ አድርገን ደብረ ብርሃን ገባን። አክስቴ «ቤቴን ለማን ትቼ» ብላ ቀረች። ማታ ከተማው ውስጥ የነበሩ «አለን፣ አትንቀሳቀሱ» ያሉን ሰዎች ጠዋት አልነበሩም። ያንን ሁላችንም እናውቃለን፣ ስም መጥራት አያስፈልግም። ኅዳር ሲያልቅ ከተማዋ ነጻ ወጥታ ስንመለስ አክስቴን ደህና አገኘናት። ከስታ፣ ግን ደህና። ምን እንደሆነች ስንጠይቃት «አልሐምዱሊላህ፣ አብሽሩ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም። እኔም ፈርቼ ነው ያልጠየቅኳት።

«ሦስት ሆነን ነበር የምናድር» አለችኝ አሁን። «እኔ፣ የታችኛዋ ጎረቤቴና ልጇ። ልጅቷን እህል ጎተራው ኋላ እናስተኛታለን። ከሁለታችን አንዳችን በር ሥር እንቀመጣለን። ይቺን ይዘን።»

የቡናውን ዘነዘና አነሳችው። ብረት ነው፣ ክንድ ያህል፣ ጫፉ በውቀጣ ብዛት የተሞረደ። ስንት ዓመት በዚያ የተወቀጠ ቡና ጠጥቻለሁ።

«ማንን ልትመቺበት ነው፣ እቴቴ?»

«እኔ እንጃ። እጄ ባዶ ከሚሆን ብዬ ነዋ።»

ልጅቷስ ደህና ናት ወይ ልል ነበር፤ አልቻልኩም። እሷም አልቀጠለችም። ሲኒውን አጠበች። በዚያ ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ሴቶች ላይ ምን እንደደረሰ በሪፖርት ተጽፏል፣ ቆቦ ላይ የሆነው ተጽፏል። በየቤቱ ግን አይወራም። ሴቲቱ ትደብቃለች፣ ቤተሰቡ ይደብቃል፣ ሰፈሩ እያወቀ ያላወቀ ይመስላል።

በዚህ ነገር ያዚዲዎቹ የሠሩትን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ከጠመንጃው ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ እሱ ነው። በሕጋቸው ከያዚዲ ሌላ ወንድ የነካት ሴት፣ በግዳጅም ቢሆን፣ ከሃይማኖቱ ወጥታለች ማለት ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲሁ ነው የኖረው። ሴቶቹ እያመለጡ መምጣት ሲጀምሩ «ብንመለስም ይገድሉናል» ብለው የፈሩ ነበሩ። ገና ጥቃቱ በደረሰ በሁለተኛው ወር አካባቢ የሃይማኖቱ ትልቁ አባት፣ ባባ ሼኽ የሚሉት ነጭ ጥምጣም ያለው ሽማግሌ፣ ወጣና «ልጆቻችን ናቸው፣ ንጹሐን ናቸው፣ ማንም እንዳይነካቸው፣ ተቀበሏቸው» አለ። አንድ ቃል ነው፣ ግን ከላይ የመጣ ቃል። ከዚያ ላሊሽ ወስደው እዚያ ባለው ነጩ ምንጭ ውሃ ያጠምቋቸው ጀመር። ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ይገባሉ፣ ራሳቸው ላይ ውሃ ይፈስባቸዋል፣ ያለቅሳሉ፣ ተመለሱ።

ሁሉም ተፈታ ማለት አይደለም። በዚያ ግፍ የተወለዱ ልጆችን ማህበረሰቡ አልተቀበለም። በእነሱ 2019 የመንፈሳዊ ምክር ቤቱ የሚቀበል የሚመስል ነገር ተናግሮ፣ ከቀናት በኋላ «እነዚያን ልጆች ማለታችን አይደለም» አለ። እናቶቹ ወይ ልጃቸውን ወይ ዘመዳቸውን ምረጡ ተባሉ። ከተወሰዱትም ከ2 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዛሬም አልተገኙም። ብዙ ሕዝብ አሁንም ሰሜን ኢራቅ፣ ዱሆክ አካባቢ ድንኳን ውስጥ ነው። ሲንጃር ላይም ብዙ ዓይነት ታጣቂ ስላለ፣ የቱርክ አውሮፕላንም እየመጣ ሲደበድብ ስለኖረ፣ ቤት ሠርቶ መግባት የሚደፍር ጥቂት ነው። ግን ያ አንድ ቃል ባይወጣ ኖሮ ከነዚያ ክላሽ ከያዙት ሴቶች ስንቶቹ ወደ ሰው ይወጡ ነበር? ጠመንጃውን ያነሱት ሰው ከተቀበላቸው በኋላ ነው።

ወሎ ሽማግሌ ሞልቷል። ሼኹም ቄሱም አንድ ላይ ተቀምጠው እርቅ የሚያወርዱ፣ ደም የሚያደርቁ፣ የተጣላ መንደር የሚያስታርቁ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ «ልጆቻችን ናቸው» ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ግን እኔ አልሰማሁም። ብትሰሙ ንገሩኝ።

ቶናው ሲቀዳ አክስቴ «እስቲ ያንን ሥዕል መልሽና አሳይኝ» አለችኝ። ስልኩን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። በሁለት ጣቷ አስፍታ ማየት እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ ፊታቸውን ልታይ መስሎኝ ነበር። ወደ ታች ወረደች። ጥግ ላይ የቆመችው ቀጭን ልጅ እግር ላይ ቆየች። እኔ ይህን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እግሯን ግን አላየሁም። ቡትስ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ክሩን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ አስራዋለች።

«ሰፍቷታል» አለች አክስቴ። ትንሽ ቆይታ ስልኩን መለሰችልኝ። «የወንድሟ ይሆናል።»